ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ ወዳጆች። ባለፈው እትም ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት አንቀጽ ነካ አድርጌ «ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ» ብዬ ነበር። ሦስት አራት ሰው ይጽፍ ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት። ስልኬ ሞልቶ ቁጭ አለ። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው የመጣው ከኛው ሰፈር፣ ማለትም ከከተማው ዳር ነው፦ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ። እኔም ቱሉ ዲምቱ ስለሆንኩ ብዙም አልገረመኝ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየደረጃው አንድ 12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ፣ አንድ ደሞዝ የማይበቃው መምህር አለ። ጉዳዩ የጓዳችን ጉዳይ ነው።

ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም። አምስቱን መርጫለሁ። ለማታውቁኝ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬ፣ ትንሽም ዲን ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የማወራው ያየሁትን ነው፤ የግቢዬን ስም ግን አልጠራም።

*

«ጋሼ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ተሳፋሪው ሁሉ ‹አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ያለ ገንዘብ መማር የለም› ይላል። ራስ ገዝ ማለት የግል ሆነ ማለት ነው? ልጄን ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጅህን አታስደንግጥብኝ። የፈተና ዓመት ነው።

የግል አልሆነም። ንብረቱ አሁንም የሕዝብ ነው፣ ባለአክሲዮን የለውም፣ ትርፍ የሚከፋፈል ሰው የለም። የተለወጠው «ማን ምን ይወስናል» የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጣ፣ ቁጥሩ 1294 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኖ ገባበት። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፣ ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል፣ ተማሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ምን እንደሚያስተምርም ራሱ ይወስናል የሚል ነው። (የኔ ዘመን ሰው ራስ ገዝ ሲባል ትዝ የሚለው በደርግ መጨረሻ ዘመን የነበሩት የኢሕዲሪ ራስ ገዝ አስተዳደሮች ናቸው። እነ አሰብና ድሬዳዋ በስም ራስ ገዝ ተብለው ነበር፤ ማን እንደሚገዛቸው ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ቃሉን ስሰማ ትንሽ ፈገግ የምለው።)

«ነፃ ነበር» የሚለውም ትክክል አይደለም። ከ1996 ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ አለ። ተማሪው ሲገባ ይፈርማል፣ የምግቡንና የዶርሙን፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ይዞ ኦሪጅናሉን ሊያወጣ የሄደ ሁሉ ወረቀቷን ያውቃታል። ስለዚህ ጥያቄው ይከፈላል ወይስ አይከፈልም አይደለም። መቼ፣ ስንት፣ ከማን ኪስ የሚለው ነው።

አሁን ለልጅህ። መንግሥት ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸው ተማሪዎች አሁንም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተናም መስጠት ጀምሯል፣ ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን በሩን አይከፍትም። አንድ ቀን ከመስመርህ ላይ አንድ ዙር ቀንስና ስድስት ኪሎ ሬጅስትራር ሄደህ የዘንድሮውን መመሪያ ጠይቅ። የተሳፋሪ ወሬ አትስማ። ደግሞ ሌሎቹ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት በድሮው አሠራር ላይ ናቸው።

ዋናው አጥር ግን ራስ ገዝነቱ አይደለም። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ልጅህ ይህችን መስመር ካለፈች ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው የሚፈልጓት። ወንበር እየተረፈ ነው እኮ።

ስጋትህን ግን አልንቀውም። ዩኒቨርሲቲ ዋጋውን ራሱ ሲተምን፣ የሹፌር ልጅ የምትበደርበት ነገር ከሌለ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ደረጃው ይረዝማል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የቤተሰብን አቅም እየመዘነ ከፊሉን በስኮላርሺፕ፣ ከፊሉን በብድር የሚሰጥ አሠራር አመጣች። በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ምዘናው ላይ መጣ፤ የደሃው ልጅ ከሀብታም ተርታ ተመድቦ ተገኘ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ በ2024 መጨረሻም ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። መንግሥትም ይግባኝ አለ። እኛ አገር የሰው ገቢ እንዴት ይመዘናል? ያንተን የሚኒባስ ገቢ ማን በትክክል ያውቀዋል? አንተም ብትሆን ለመጠይቅ ወረቀት እውነቱን የምትጽፍ አይመስለኝም፣ እንዳትቀየመኝ።

*

«ጋሼ፣ ቤተሰቦቼ ገላን ናቸው፣ እኔ የምሠራው ግን ራቅ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙን አይጥሩብኝ። ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ለላብ የሚሆን አሲድና ኢንዲኬተር ከጠየቅን ሁለት ሴሚስተር አለፈ። ተማሪዎቼ ታይትሬሽን የሚባለውን የላብ ሙከራ የተማሩት በሰሌዳ ላይ ነው። ራስ ገዝ ስንሆን ይህ ነገር ይፈታል? ወይስ የፕሬዚዳንቱ መኪና ብቻ ነው የሚለወጠው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄሽ አሳቀችኝ። ቆይቶ ደግሞ አሳዘነችኝ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔ በነበርኩበት ግቢ አንድ ጊዜ ኬሚካሉ ተገዝቶ፣ ገብቶ፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኙ) ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ተቀምጧል። እኛ ሞዴል 20 ሞልተን ጠየቅን። ሞዴል 22 ተቆርጦ እንዳንወስድ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው እጅ ላይ ነው። እሱ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል። ተተኪ የለውም። ከመቶ በላይ ተማሪ ጋውኑን ለብሶ ኮሪደር ላይ ቆመ። ዲኑ እኔ ነኝ! ቁልፍ የማስከፈት ሥልጣን ግን የለኝም። ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ እሳቸው ለፋይናንስ መሩት፣ ፋይናንስ ለንብረት መራው፣ ንብረት ክፍል ‹ሰውየው ሲመጣ› ብሎ መለሰልኝ። ሰውየው ሲመጣ ሴሚስተሩ አለቀ።

ያኔ ሚኒስቴሩ ምንም አላደረገንም። አራት ኪሎ ያለ ሰው የመጋዘናችንን ቁልፍ አልያዘም። ይህንን የምነግርሽ ሁሉም ነገር ከላይ የመጣ ችግር እንዳይመስልሽ ነው።

ከላይ የሚመጣውም ግን ቀላል አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት በኮድ በኮድ የተሸነሸነ ነው። ለነዳጅ የተያዘ ለአሲድ አይሆንም፤ ለማዛወር ፈቃድ አለ፣ ፈቃዱ ጊዜ አለው፣ ጊዜው ደግሞ ሁሌ ከሴሚስተሩ ይረዝማል። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣል። ያልተጠቀምሽበት ብር ተመላሽ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ «ገንዘብ የለም» ሲባል የከረመ ግቢ ግንቦት ላይ ድንገት ሀብታም ይሆናል። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ቶሎ የሚገዛ ነገር ይፈለጋል፣ ቶሎ የሚገዛው ደግሞ ወንበርና የፕሪንተር ቀለም ነው። አሲድ ከውጭ የሚመጣ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ አይደርስም። ስንት ቢሮ አይተሻል፣ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር የተደረደረበት? የሰኔ ወንበር ነው እሱ።

የተማሪው ቀለብ እንኳ ከላይ ነበር የሚተመነው። ለረጅም ዓመታት ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር ነበር፣ ቁርስ ምሳ ራት። በኋላ 22 ሆነ፣ በቅርቡ ደግሞ ወደ 100 ከፍ አለ። በ15 ብር ጊዜ የካፌ ኃላፊዎች ምን ዓይነት ተአምር ይሠሩ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽሮው በክፍለ ሀገሩ ሁሉ አንድ ዋጋ አይደለም፣ መተመኛው ግን አንድ ነበር። እንግዲህ የሽሮ ዋጋ መወሰን የማይችል ግቢ ነው ስለ ምርምር ነፃነት የሚያወራው።

ለዚህ መድኃኒቱ ብሎክ ግራንት የሚባለው ነው። ገንዘቡ በጥቅል ይሰጥሻል፣ አከፋፈሉን አንቺ ታውቂያለሽ፣ በውጤት ትጠየቂያለሽ። እኛ አገር ይህ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ተጽፎ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ። ራስ ገዝ የሚባለው አዋጅ ይህችን ላም ወደ መሬት ካወረዳት ለላብሽ ጥሩ ነው።

የደሞዝ ጉዳይም አለ። ናይጄሪያ የዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2020 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የመምህራኑን ደሞዝ ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ጋር በአንድ ማዕከላዊ የኮምፒዩተር ሥርዓት ካልከፈልኩ አለ። ዓላማው የሌለ ሰው ደሞዝ እንዳይበላ መቆጣጠር ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ መምህር ሌላ ግቢ ሄዶ ያስተምራል፣ ሳባቲካል (የምርምር ፈቃድ) ይወጣል፣ እና ሥርዓቱ ይህን አያውቀውም። ደሞዝ ተቆረጠ፣ ጠብ ሆነ። በ2022 ማኅበራቸው ከየካቲት እስከ ጥቅምት፣ ስምንት ወር ሙሉ አድማ ሲመታ ይህም ከጥያቄዎቹ አንዱ ነበር። በታኅሣሥ 2023 መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ከዚያ ሥርዓት እንዲወጡ ወሰነ። ሕጉ ራስ ገዝ ካላቸው ሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ደሞዝሽን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ አለቃሽ እሱ ነው።

የገንዘቡን ቁልፍ ራሳቸው የያዙት ደግሞ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገቡ። ማኬሬሬን እይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኡጋንዳ መንግሥት ኪሱ ሲሳሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ከፋይ ተማሪ እንዲቀበል ተፈቀደለት። የማታው ክፍል ተከፈተ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከፋዩ ከማይከፍለው በዛ። ሕንፃው ታደሰ፣ መምህሩ ተጨማሪ ገቢ አገኘ፣ የውጭ ለጋሾችም አጨበጨቡ። ከዚያስ? አዳራሹ ከአቅሙ በላይ ሞላ፣ ዲፓርትመንቶች ገበያ ያለው ኮርስ እየተሻሙ አንድ ዓይነት ትምህርት በሦስት ስም ከፈቱ፣ ገበያ የሌለው ትምህርት ቀጨጨ። ኬሚስትሪ ገበያ አለው ትያለሽ? የእኛን ኤክስቴንሽን ያየ ሰው ይህ ታሪክ አይከብደውም።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ልንገርሽ። እስካሁን የምሰማው ክርክር ሁሉ «ሥልጣኑ ከሚኒስቴሩ ይውጣ» የሚል ነው። ይውጣ! ግን ወጥቶ የት ይቆማል? ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ከቆመ ሚኒስቴሩ ወደ ግቢሽ ተዛወረ ማለት ነው፣ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ይብስብሻል። ሚኒስትሩ ስምሽን አያውቅም፤ ፕሬዚዳንቱ ግን በሴኔት ስብሰባ ማን እጁን እንዳላወጣ ያውቃል። የድሮ ሰው ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያለው ለክፍለ ሀገር ገዢ ብቻ መሰለሽ? ጨረታ፣ ኪራይ፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የደሞዝ እርከን ሁሉ አንድ ቢሮ ሲገባ ያ ቢሮ ወፍራም ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ግቢሽ ተራው ሲደርስ (ተራ ይጠብቃሉ ሲባሉ የምሰማው በምርምር ከተለዩት 8ቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሌላ የቀሩት 7ቱና ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ አንዱ እዚሁ ቂሊንጦ፣ ጎረቤቴ ነው) የሴኔት ሌጅስሌሽኑ (የግቢው መተዳደሪያ ሕግ) ሲረቀቅ ተኝተሽ እንዳታሳልፊው። ስለ ራእይና ተልእኮ የሚያወራውን ገጽ ዝለዪው። ዲፓርትመንቱ ያለ ማንም ፊርማ ስንት ብር ድረስ መግዛት ይችላል የሚለውን ፈልጊ። የዲፓርትመንት ኃላፊና ዲን በማን እንደሚመረጥ፣ በማን እንደሚነሳ እይ። የኦዲት ሪፖርቱ ለሴኔት ይነበባል ወይስ ተጣጥፎ ቦርድ ጋ ይቀራል? እነዚህ ካልተጻፉ ለታይትሬሽኑ ጠመኔ ግዢ።

*

ይህ ደብዳቤ ደግሞ ቁጣ ነው። ለገጣፎ ከሚኖሩ አዛውንት መምህር፦ «ባለፈው እትም ‹ራስ ገዝነት ለአገራችን አዲስ ነው› ብለህ ጽፈሃል። ልጄ፣ እኛ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ዩኒቨርሲቲው የራሱ ቻርተር ነበረው። ሚኒስቴር ደጃፉ አይደርስም ነበር። አንብበህ ጻፍ።»

ጋሼ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ልክ ነዎት፣ አዲስ አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ላስታውስ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ካህን) ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ኮሌጆቹ ተጠቃለው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ የራሱ ቻርተር፣ የራሱ ቦርድና የመምህራን ጉባኤ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ እሱ ነው።

ግን ጋሼ፣ እርስዎም ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጨምር። ቤተ መንግሥቱን ሰጥተው ቻንስለርነቱን፣ የዩኒቨርሲቲውን የበላይ ማዕረግ፣ ለራሳቸው አስቀሩት። ቻርተሩ ጥሩ የሠራው ግቢው ዝም እስካለ ድረስ ነው። በ1957 «መሬት ላራሹ» ተብሎ ሰልፍ ከተወጣ በኋላ ያለውን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ስንት ጊዜ ፖሊስ ገባ። ደርግ ደግሞ ነገሩን አቀለለው፣ በ1967 ሁሉንም ለዘመቻ አሰማራና ግቢውን ባዶ አደረገው።

ከዚያ በኋላም ያው ነው። በታኅሣሥ 1985 በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ አመራሩ ተነሳ፣ ሚያዝያ ላይ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከነሱ አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1993 ተማሪዎቹ ከጠየቋቸው አንዱ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ መጽሔታችን ይፈቀድ የሚል ነበር። ሰው ሞተበት።

ቻርተር አልነበረም አልልም። ቻርተሩን የሚጠብቅ ነገር ነው ያልነበረው። ጋሼ፣ የዚያ ዘመን ወረቀት፣ ፎቶ፣ የመምህራን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ካለዎት ለገጣፎ ድረስ መጥቼ ባይ ደስ ይለኛል። ቡናውን እኔ እይዛለሁ።

*

«ሰላም ጋሼ። ሰበታ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት የአስተዳደር ተማሪ። ለምንድነው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቦታ የፖለቲካ ሹመት የሚመስለው? ሌላ አገርስ እንዴት ነው? ተማሪ ለምን አይመርጥም?»

የኛውን ታውቀዋለህ መሰለኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል፣ ተወዳዳሪዎች እቅድ ያቀርባሉ፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ቦርዱ ለይቶ ያቀርባል። በመደበኛው አሠራር የመጨረሻውን ሹመት የሚሰጠው ግን ሚኒስቴሩ ነው፣ ቦርዱንም የሚሰይመው እሱው። የቦርድ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ሚኒስትር ዴኤታ ወይም የክልል ባለሥልጣን ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው። በሦስት ወር አንዴ መጥተው፣ ሪፖርት ሰምተው፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ግቢውን ስለማያውቁት ነው።

ሌላ አገር ብለሃል። ኬንያ በዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን የሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቻንስለር አንድ ሰው ነበር፣ ራሳቸው ሞይ። ተከታያቸው ምዋይ ኪባኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያንን ትተው ለየዩኒቨርሲቲው ሌላ ሌላ ሰው ሾሙ። ኡጋንዳም ርዕሰ ብሔሩ ቻንስለር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ሕግ ቀረ። ጋና ከሁሉም ቆረጥ አድርጋ በ1992 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጻፈችው፦ ፕሬዚዳንቱ በሥልጣን ላይ እያለ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር መሆን አይችልም። የመቅጠርና የመሾም ሥልጣኑም የየተቋሙ ምክር ቤት ነው ይላል። ዝርዝር የሚመስል ነገር ነው፣ ሕገ መንግሥት ውስጥ መግባቱ ግን ለውጥ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጋና መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ምክር ቤቶችን እጁ ውስጥ የሚያስገባ ረቂቅ ሲያመጣ መምህራኑ የሚቆሙበት መሬት ነበራቸው። ተሟገቱ፣ ረቂቁም ቀረ።

ኡጋንዳን ግን ቶሎ አታጨብጭብላት። ቻንስለርነቱን በሕግ ባጣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016፣ መምህራን ያልተከፈለን አለ ብለው አድማ ሲመቱ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ማኬሬሬን በአንድ ትእዛዝ ዘጉት። የተከፈተው በጥር ነው። ማዕረጉ ሄደ፣ ቁልፉ ቀረ።

የተማሪውን ነገር በተመለከተ፣ ከሁሉም የራቁት ላቲን አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 አርጀንቲና ውስጥ ኮርዶባ በምትባል ከተማ ተማሪዎች ተነሱ። ዩኒቨርሲቲው በጥቂት ቤተሰቦችና በቀሳውስት እጅ የቆየ፣ ዘመን ያለፈበት ነበር። ጥያቄያቸው መምህር በውድድር ይቀጠር፣ ተማሪም አስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ ይኑረው የሚል ነው። አሸነፉ። ነገሩ ወደሌሎቹም አገሮች ተዛመተ፤ የሜክሲኮው ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1929 ራስ ገዝ የሆነው ከተማሪ አድማ በኋላ ነው። ልብ በል፣ እዚያ ራስ ገዝነቱ ከታች ተጠይቆ የተገኘ ነው። የኛው ከላይ በአዋጅ የወረደ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሌላ ነገርም አብሮ ወረደ፦ አዋጁ በወጣበት በዚያው በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው ለሁሉም ተመራቂ አንድ ሆኖ ከማዕከል መጣ። በአንድ እጅ «ራስህን ቻል»፣ በሌላው «እኔ ሳልፈትነው አታስመርቅም»። እኔ የመውጫ ፈተናውን አልጠላም፤ ዲግሪ እንደ ቆሎ ሲዘራ ስላየሁ። ግን ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ተማሪ ፕሬዚዳንት ይምረጥ ወይ? እኔ በቀጥታ ምርጫ አልስማማም። እኛ አገር ምርጫው በሁለተኛው ሳምንት የብሔር ምርጫ ይሆናል፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ሴኔት ውስጥ ግን ተማሪ አለ፣ በሕግም ቦታ አለው። ጥያቄው ያ ተማሪ ማነው? የተማሪ ኅብረቱ ፕሬዚዳንት የዲኑ ጓደኛ ነው ወይስ የናንተ? ባለፈው ሴኔት ምን እንደተወሰነ ነግሯችኋል? አንድ ቀን ዶርሙ ሂድና ጠይቀው። መልሱን ጻፍልኝ፣ ስሙን ግን ተወው።

*

የመጨረሻዋ ጥያቄ አጭር ናት፣ ግን ከሁሉም ወደድኳት። «ጋሼ፣ እዚሁ ሰፈራችን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤትና ሻይ ቤት አለኝ። ራስ ገዝ ሲሆኑ ገቢ ለማግኘት አጥሩን አፍርሰው ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ ሲባል ሰማሁ። አከራዬ ደግሞ የሁለት ዓመት ውል ፈርሚ፣ ግማሹን አሁን ክፈይ እያለችኝ ነው። ልፈርም?»

እህቴ፣ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ራስ ገዝ ሲሆኑ ገቢ መፈለጋቸው አይቀርም፣ መንገድ ዳር ያለ መሬት ደግሞ ከምርምር ይልቅ ቶሎ ብር ያመጣል። ስለዚህ የሰማሽው ወሬ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ግን ዛሬ ተወስኖ ነገ ሱቅ አይቆምም። ዲዛይን አለ፣ ጨረታ አለ፣ ተቋራጭ አለ፤ የኛን አገር ግንባታ አንቺም እኔም እናውቀዋለን፣ የኮንዶሚኒየም እጣ የጠበቀ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ሁለት ዓመቱን አትፈርሚ። የስድስት ወር ወይ የአንድ ዓመት ውል ጠይቂ፣ ግማሽ ቅድሚያ ክፍያውንም እምቢ በያት። ከዚያ ግቢው ውስጥ ግዢ ክፍል ሄደሽ የኪራይ ሐሳብ አለ ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፤ የሕዝብ ተቋም ነው፣ መጠየቅ መብትሽ ነው። ሱቅ ካከራዩ በጨረታ ነው የሚያከራዩት፣ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ላይ ወይም በር ላይ ይለጠፋል። ንግድ ፈቃድሽና የግብር ክሊራንስሽ ዝግጁ ይሁን፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ። ሻይ ቅመሙን በዛ አድርጊልኝ፤ ኮፒ የሚደረግ አንድ የጡረታ ወረቀትም አለኝ፣ ሦስት ገጽ ናት።